ጥቅስና ምስክር፤ ስለ ሳይንስ ጽሑፎች መታወስና መረሳት የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ወራት ወዲህ በጥናት ክበባችን ውስጥ አንድ ነገር ሲያከራክረን ሰንብቷል። ይኸውም የሳይንስ ጽሑፎች እርስ በርሳቸው እየተጠቃቀሱ የሚሠሩት መረብ እንዴት እንደሚያድግ፣ በዚያም መረብ ውስጥ ትናንት በሁሉ አፍ የነበረ ጽሑፍ ዛሬ ስለምን እንደሚረሳ በቍጥር የሚያስረዳው ትምህርት ነው። ትምህርቱ የተወለደው በአሜሪካና በአውሮጳ ነው። እኛ ግን የምናነበው ደብረ ታቦር ላይ ተቀምጠን፣ ጕናን እያየን፣ ከጕና ወዲያ ያለውን ጋይንትን እያሰብን ነው። ስለዚህ ይህን ሚዛን ወስደን በአገራችን የሊቃውንት ጉባኤ ቤት ብንሞክረው ምን ይነግረናል? ሳይነግረን የሚቀረውስ ምንድን ነው? ብለን ለመመርመር ተነሣን። ያገኘነውን ለጓደኞቻችንና ለመምህሮቻችን እነሆ እናቀርባለን። ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ የተነሡት ዓመታት በፈረንጆች አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ትምህርቱን ባለቤቶቹ እንደሚናገሩት አድርገን እናቅርብ፤ የሰውን ቃል ሳያሟሉ መንቀፍ አይገባምና። አንድ ጸሐፊ የሌላውን ሥራ በጠቀሰ ቍጥር ከአዲሱ ጽሑፍ ወደ አሮጌው አንድ ክር ተዘረጋ ማለት ነው። ጽሑፎቹ በሺሕና በሚሊዮን ሲቈጠሩ ክሮቹ መረብ ይሆናሉ። ዩጂን ጋርፊልድ የተባለው አሜሪካዊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም ከጀመረ ወዲህ ይህን መረብ መቍጠር ተቻለ። በ1965 ደግሞ ዴሬክ ደ ሶላ ፕራይስ የተባለው የሳይንስ ታሪክ መምህር በዚሁ ማውጫ ተጠቅሞ ስለ ሳይንስ ጽሑፎች መረብ አንድ አጭር ጥናት አወጣ። ያገኘውም ነገር በቀላል አነጋገር ሁለት ነው። አንደኛ፣ እጅግ ብዙው ጽሑፍ ጥቂት ጊዜ ብቻ ይጠቀሳል ወይም ጨርሶ አይጠቀስም፤ እጅግ ጥቂቱ ግን ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል። ሁለተኛ፣ አዲስ ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቅሰው የቅርብ ዓመታት ባልንጀሮቹን ነው።

የመጀመሪያው ነገር ምክንያት ምንድን ነው? ሁለት ጽሑፎች እናስብ። አንዱ 9 ጊዜ፣ ሌላው 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል እንበል። አንድ አዲስ ተማሪ ከሌሎች ጽሑፎች ግርጌ እየለቀመ ቢሄድ፣ ከ10 ጊዜ 9 ጊዜ የሚያጋጥመው የፊተኛው ነው። እርሱን ሲጠቅስ 9ኙ 10 ይሆናል፤ ለሚቀጥለው ተማሪም ዕድሉ የበለጠ ይሰፋል። ሮበርት መርተን በ1968 ይህን የመሰለውን ነገር «የማቴዎስ ውጤት» ብሎ ሰየመው፤ ላለው እንደሚጨመርለት በማቴዎስ ወንጌል ከተነገረው ወስዶ ነው። ፕራይስ በ1976 በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው፤ ባራባሺና አልበርትም በ1999 ይኸው አሠራር በሌሎች ብዙ መረቦች ውስጥ እንደሚገኝ አሳዩ። ሲድኒ ሬድነር በ1998 ያወጣው ቈጠራ የነገሩን ስፋት ይገልጻል። በ1981 ከታተሙ 783,339 ጽሑፎች መካከል 368,110 የሚሆኑት እስከ 1997 ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ አልተጠቀሱም። ከ1,000 ጊዜ በላይ የተጠቀሱት ግን 64 ብቻ ነበሩ።

ነገር ግን ያለው ብቻ እየተጨመረለት የሚሄድ ቢሆን ኖሮ አሮጌው ሁልጊዜ አዲሱን ባሸነፈ ነበር፤ እንዲህም አይደለም። ስለዚህ ዋንግ፣ ሶንግና ባራባሺ በ2013 ባወጡት ጥናት ሦስት ነገሮችን አጣምረው ቀመሩ፤ ባለብዙ ጥቅሱ ሌላ ጥቅስ መሳቡን፣ የጽሑፉን ማርጀት፣ የጽሑፉን የራሱን ብርታት። ፓሮሎና ባልደረቦቹ በ2015 እንዳሳዩት ደግሞ አንድ ጽሑፍ በታተመ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የጥቅሱ ብዛት ጫፍ ይደርስና ከዚያ በኋላ ቶሎ ይወርዳል። ይህም አወራረድ ከዘመን ወደ ዘመን እየፈጠነ መጥቷል። እጅግ የሚያስደንቀው ግን ቀጥሎ ያለው ነው። ጊዜው በዓመት መቈጠሩ ቀርቶ በታተሙት ጽሑፎች ብዛት ሲቈጠር የመረሳቱ ፍጥነት በየዘመኑ ከሞላ ጐደል አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ጽሑፍን የሚያስረሳው የዓመታቱ ርዝመት ሳይሆን ከበስተኋላው የሚመጣው የጽሑፍ ብዛት ነው ማለት ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለውን እኛ አንነቅፍም። እንዲያውም በአገራችን ምስክር ልናቀርብለት እንችላለን። በደቡብ ጐንደር ምድር ላይ ከማንኛውም ማውጫ አስቀድሞ የተዘረጋ የሊቃውንት መረብ አለ። ድጓን በየትም አገር የተማረ ሰው «አስመስክሯል» ለመባል ወደ ጋይንት፣ ወደ ቤተልሔም ይሄዳል። ለዝማሬና ለመዋሥዕት የሚሄደው ወደ ዙር አምባ ነው። የድጓ ዜማ የቤተልሔም፣ የቆማ፣ የአጫብር፣ የተጉለት እየተባለ በልዩ ልዩ ስልት ይታወቃል፤ ከእነዚህ ሁሉ ግን በስፋት የተሠራጨው የቤተልሔሙ ነው። ብዙ መምህራን ከዚያ ስለ ወጡ ብዙ ተማሪዎች ወደዚያ ይመለሳሉ፤ ብዙ ተማሪዎች ስለ ተመለሱም ነገ ብዙ መምህራን ከዚያ ይወጣሉ። ፕራይስ በቀመር የጻፈው ይህንኑ ነው።

በኋላ የመጣ ነገር በራሱ ብርታት እንደሚያሸንፍም ደብረ ታቦር ራሷ ትመሰክራለች። የፎገራው ሰው አለቃ ገብረ ሐና በ19ኛው መቶ ዓመት አዲስ የአቋቋም ስልት እንዳወጡ ይነገራል። ስልቱ በጐንደር ሊቃውንት ዘንድ በቀላሉ አልተቀበለም፤ ነገር ግን ልጃቸው ተክሌ ተምሮት በደብረ ታቦር ኢየሱስ ተከለው። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» በልጁ ስም ይጠራል፤ ሊማረው የሚፈልግም ወደዚች ከተማ ይመጣል። ከቀደሙት ስልቶች ጋር ሲነጻጸር ትናንት የተወለደ ነው፤ ብዙ «ጥቅስ» ይዞ አልተነሣም፤ ሆኖም ቦታውን አገኘ።

በዓመት ሳይሆን በብዛት መረሳት የሚለውንም ነገር ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሁለት ትምህርቶች ልናየው እንችላለን። ድጓ የተዘጋ መጽሐፍ ነው፤ በየቀኑ አይጨመርበትም። ስለዚህ ብዙ መቶ ዓመታት አልፈውት ዛሬም በየበዓሉ ይባላል። ቅኔ ግን በየቀኑ አዲስ ነው። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ እንደ ራስ አድርጎ መቀኘት ነውር ስለ ሆነ፣ አንዱ ቅኔ ሌላውን እየሸፈነው ያልፋል፤ ከሺሁ አንዱ ብቻ ከባለቤቱ ስም ጋር በሊቃውንት አፍ ይቀራል። ሁለቱም በአንድ ማኅሌት ይሰማሉ፤ ዕድሜያቸውን የለየው ግን ከኋላቸው የሚመጣው ብዛት ነው። የ2015ቱ ጥናት ጸሐፊዎች ይህን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር ብለን እናምናለን።

እንግዲህ ነቀፌታችን የት ላይ ነው? ነቀፌታችን በሁለት ነገር ላይ ነው፤ ሁለቱም የሚነሡት «ጥቅስ» ከሚለው ቃል ነው። ትምህርቱ ጥቅስን ቈጥሮ ስሙን «ትኵረት» ይለዋል። እኛ ግን በጥቅስና በትኵረት መካከል ሰፊ ክፍተት አለ እንላለን።

አንደኛው ክፍተት ከመረቡ ውጭ ያለው ነው። ቶማስ ፓከንሃም የተባለ ወጣት ተጓዥ በ1955 ወደ ጋይንት ደርሶ የቤተልሔምን ቤተ ክርስቲያን አየ። በውጭ ሲታይ እንደ ሌሎቹ የገጠር አብያተ ክርስቲያናት ክብ የሣር ክዳን ቤት ነው፤ በውስጡ ግን በድንጋይና በእንጨት የተሠራ ጥንታዊ ባለአራት ማዕዘን ሕንጻ ነበረ። በ1959 ስለ ራሴላስ ተራሮች ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ገለጸ፤ ከዚያም ወዲህ የሥነ ሕንጻ ታሪክ ጸሐፊዎች ቤተልሔምን ይጠቅሱት ጀመር። በማውጫው ዓይን ስናየው እንግዲህ ቤተልሔም ከ1950ዎቹ በፊት ክር ያልደረሰበት፣ ማንም ያላሰበው ቦታ ነበረ። በድጓ ተማሪ ዓይን ስናየው ግን በዚያው ዘመን ከሸዋ፣ ከጎጃም፣ ከወሎና ከትግሬ ሰው በእግሩ የሚጓዝበት ቦታ ነበረ። አንድ ቦታ፣ በአንድ ዘመን፣ በአንዱ መረብ ባዶ ነው፤ በሌላው መረብ ደግሞ ራስ ነው። «ተገኘ» የሚለው ቃል ራሱ የሚነግረን ስለ ቤተልሔም ሳይሆን ስለ ቈጣሪው መረብ ጥበት ነው።

ይህ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም። ዋና ዋናዎቹ ማውጫዎች በአብዛኛው የሚቈጥሩት በእንግሊዝኛ የሚታተሙትን መጽሔቶች ነው፤ በአማርኛ የተጻፈ ጥናት ከሞላ ጐደል አይገባባቸውም። አንድ የወረዳ ግብርና ሠራተኛ ስለ ጕና ድንችና ገብስ የጻፈው ዘገባ፣ ገበሬው ቢጠቀምበትም፣ በመረቡ ላይ የለም። እንዲህ ያለውን ጽሑፍ «ተረሳ» ማለት ስሕተት ነው፤ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበምና። ሙት የመሰለ ጽሑፍ ተኝቶ ሊሆንም ይችላል። የግሬጎር ሜንዴል የአተር ጥናት በ1866 ታትሞ እስከ 1900 ድረስ ተገቢውን አንባቢ እንዳላገኘ የሥነ ሕይወት ተማሪ ሁሉ ያውቃል። በእኛም አገር በየቤተ ክርስቲያኑ ብራና ኅዳግ ላይ የተጻፉት የርስትና የጉልት፣ የሽያጭና የውርስ ማስታወሻዎች ብዙ ዘመን የዜማና የጸሎት ሰው ብቻ ሲገልጣቸው ኖረዋል። ዶናልድ ክራሚ በ2000 ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት የመሬት ይዞታና ኅብረተሰብ ያሳተመው መጽሐፍ ከዋና ምንጮቹ አንዱ ያደረገው እነዚህኑ ማስታወሻዎች ነው። ማስታወሻዎቹ ሲተኙ ዋጋ ቢስ፣ ሲነቁ ክቡር አልሆኑም፤ የተለወጠው አንባቢው ነው።

ሁለተኛው ክፍተት በመረቡ ውስጥ ያለው ነው፤ ይኸውም ሳያነቡ መጥቀስ ነው። በዚህ ላይ ሌላውን ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን ጥፋት እንናገራለን። ባለፈው ዓመት ስለ ጋፋት አጭር ጽሑፍ አዘጋጅተን ነበር። ጋፋት ከደብረ ታቦር አጠገብ ያለች፣ ዐፄ ቴዎድሮስ አውሮጳውያን የእጅ ባለሞያዎችንና የአገር ሠራተኞችን አሰባስበው መድፍ ያሠሩባት ቦታ ናት። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ የተሠራው በዚያ ነው፤ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር አካባቢ ተነሥቶ በሰው ጕልበት እየተጐተተ፣ መንገድ እየተቈረጠለት፣ ስድስት ወር ያህል ተጕዞ መቅደላ ደረሰ። የመድፉ ክብደት በአንዳንዱ ጽሑፍ 7 ቶን ያህል፣ በሌላው ግን 70 ቶን ተብሎ ይገኛል። እኛ 70 የሚለውን ጻፍን። በግርጌውም የአንድ መጽሐፍ ስምና ገጽ አኖርን። መጽሐፉን ግን አላየነውም፤ ስሙንና ገጹን የገለበጥነው ከእኛ በፊት ከነበረ ተማሪ ጽሑፍ ነው። መምህራችን ወረቀቱን ሲመልሱልን ከግርጌው ላይ «ይህን መጽሐፍ አይታችሁታል?» ብለው ጽፈውበት ነበር። መልስ አልነበረንም።

በኋላ ነገሩን ራሳችን አሰላነው። አንድ ሜትር ኩብ ነሐስ 8.7 ቶን ያህል ይመዝናል። 70 ቶን ነሐስ እንግዲህ 8 ሜትር ኩብ ነው፤ ይኸውም ርዝመቱም፣ ወርዱም፣ ቁመቱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ ድፍን ነገር ማለት ነው። መድፍ ደግሞ አፉ ክፍት ስለ ሆነ በውጭ ሲታይ ከዚህ መብለጥ ነበረበት። የሴባስቶፖልን ፎቶግራፍ አይቶ ይህን ያህል ነው የሚል ሰው አይገኝም፤ እውነቱ ወደ 7ቱ ያደላል። መድፉም ዛሬ መቅደላ ላይ ስለ ተቀመጠ፣ ሜትር ይዞ የሚሄድ ሰው ክርክሩን በአንድ ቀን ሊጨርሰው ይችላል። በእኛ ጽሑፍ ውስጥ ግን የአንድ ዜሮ ስሕተት የመጽሐፍ ስምና የገጽ ቍጥር ለብሶ እውነት መስሎ ተቀመጠ። ከእኛ የሚገለብጥ ሰው ቢመጣ ደግሞ ስሕተቱ አንድ ጥቅስ በተጨመረለት ነበር።

ይህ የእኛ የብቻችን ጕድለት እንዳልሆነ ሲምኪንና ሮይቾውድሪ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በ2003 አሳይተዋል። መንገዳቸው ብልሃት ያለበት ነው። በጥቅሶች ውስጥ የሚገኙትን የገጽና የቅጽ ቍጥር ስሕተቶች ሰበሰቡ። አንድ ዓይነት ስሕተት በብዙ ጽሑፎች ተደጋግሞ ከተገኘ፣ ጸሐፊዎቹ የገለበጡት ከዋናው ሳይሆን አንዱ ከሌላው ነው ማለት ነው። ከዚህ ተነሥተው ከሚጠቅሱት ሰዎች ዋናውን ያነበቡት ከ100 ወደ 20 የሚጠጉት ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም ብለው ገመቱ። ግምት ነው፤ ቍጥሩ ከትምህርት ወደ ትምህርት ሊለያይ ይችላል። ዘዴው ግን የብራና ሊቃውንት ከጥንት የሚያውቁት ነው፤ በሁለት መጻሕፍት ላይ አንድ ዓይነት ግድፈት ያየ ሰው ሁለቱ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይረዳልና።

እንግዲህ ወደ ቤተልሔም እንመለስ፤ የዚያ ቤት ሥርዓት ከማውጫው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ለምስክርነት የሚመጣው ተማሪ «ከእገሌ ተምሬአለሁ» ስላለ ብቻ አይታመንም። በእጁ የጻፈውን ድጓ ይዞ ይመጣል፤ ምልክቱንና ቃሉን ከቤቱ መጽሐፍ ጋር እያስተያየ ያርማል፤ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ያዜማል። ከሩቅ አገር የገባው ግድፈት እዚያ ይያዛል። በማውጫው መረብ አንድ ክር ሲዘረጋ አንድ ስም ተጠራ ማለት ብቻ ነው። በቤተልሔም መረብ ግን እያንዳንዱ ክር አንድ ሰው ሄዶ አየ ማለት ነው። የፊተኛውን ጥቅስ፣ የኋለኛውን ምስክር እንበለው። ቀመሮቹ የሚያስሉት የጥቅስን ዕድሜ ነው፤ የምስክርን ዕድሜ ግን ገና አላሰሉም።

በዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ እናውቃለን፤ በክበባችንም ውስጥ በርትቶ ተነሥቷል። ድጓ አንድ መጽሐፍ ነው፤ የሳይንስ ጽሑፍ ግን በሚሊዮን ይቈጠራል፤ ሁሉን ወደ ምንጩ ሄዶ ያይ ዘንድ የሚችል ማን ነው? ተብለናል። ተቃውሞው እውነት አለበት። የቤተልሔም ሥርዓትም የራሱ ዋጋ አለው፤ ብዙ ዓመት ይፈጃል፤ የተቀበለውን ይጠብቃል እንጂ አዲስ ነገር አይጨምርም፤ መሄድ ያልቻለውን ያስቀራል። ሳይንስ በዚህ ብቻ ቢሄድ ኖሮ ባልተራመደ ነበር። ደግሞም የቀመሮቹ ደራሲዎች የጥቅስ ብዛት የሥራን ጥራት ይለካል ብለው ሁልጊዜ አልተናገሩም፤ ቍጥሩን ለሹመትና ለገንዘብ ድልድል የሚጠቀሙበት ሰዎች ናቸው ከደራሲዎቹ አልፈው የሄዱት።

እኛ የምንለው ሁሉን እዩ አይደለም። ያያችሁትንና ያላያችሁትን ለዩ ነው። አንድ መጽሐፍ በእጃችን ካልገባ «እገሌ እንደ ጠቀሰው» ብለን ብንጽፍ የምናፍርበት ነገር የለም፤ የሚያሳፍረው ሳያዩ አየሁ ማለት ነው። ይህ ትንሽ ቃል ከተጨመረ የሚመጣው ተማሪ የትኛው ክር ወደ ምንጩ እንደሚያደርስ፣ የትኛው መንገድ ላይ እንደሚቀር ያውቃል። በደብረ ታቦር ለምንኖር ደግሞ አንድ ተጨማሪ ዕዳ አለብን። ስለ ጋፋት፣ ስለ ጕና፣ ስለ ቤተልሔምና ስለ ዙር አምባ በሩቅ አገር መጽሔት የታተመውን ስንጠቅስ፣ ምንጩ ራሱ በእግር ወይም በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው። ሌላው ተመራማሪ መጽሐፍ ጠቅሶ የሚያልፈውን እኛ ሄደን ልንጠይቀው፣ ልንለካው፣ ልናዳምጠው እንችላለን። በአቅራቢያው ያለ ሰው ከሩቁ ሰው ግርጌ ቢገለብጥ ምክንያቱ ስንፍና ብቻ ነው።

ስለዚህ በክበባችን ሁለት ነገር ወስነናል። አንደኛ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ለዚህ መጽሔት በምናቀርበው ጽሑፍ ሁሉ ዋናውን ያየነውን ከሌላ ካገኘነው ለይተን እንጽፋለን፤ ሌሎች ክበቦችም ይህን እንዲያደርጉ እንለምናለን። ሁለተኛ፣ ስለ ጋፋት የጻፍነውን ጽሑፍ እንደ ገና እናርመዋለን። ለዚህም በሚመጣው የዕረፍት ጊዜ ከመካከላችን ሁለት ጓደኞቻችን ሜትርና ማስታወሻ ይዘው ወደ መቅደላ ይሄዳሉ። የሚያመጡት ልክ ከ7 ቶኑም ሆነ ከ70ው የማይገጥም ከሆነ፣ ያንኑ እንዳለ እናቀርባለን።